መኪና ከመኪና ሲጣላ

ሾፌር አልባ ታክሲ ገበያ ወጥቷል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዌይሞ የተባለውን በስልክ ይጠሩታል፣ ከች ይላል፤ መሪው ብቻውን ይዞራል። መልስ የለኝም አይል፣ ፖለቲካ አያወራ! እንዲህ ያለ ጨዋ ከወዴት ይገኛል ስንል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት ማቆሚያ ቦታ ላይ የተሰበሰቡት ባዶ መኪኖች በውድቅት ሌሊት እርስ በርስ ክላክስ ሲያንባርቁ ማደር ጀመሩ። ግጭት ለመከላከል የተገጠመ ጥንቃቄ ነው አሉ። አንዱ ወደ ኋላ ሲመጣ ሌላው ይጮህበታል። ሰፈርተኛው እንቅልፍ አጣ፤ ለመገላገል እንኳ ውስጣቸው ሰው የለ!

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ የሾፌር አልባ ታክሲ ተቃዋሚዎች ኮፈኑ ላይ የመንገድ ኮን ጣል ሲያደርጉበት ባለ ብዙ ካሜራው ሊቅ ባለበት ድርቅ ይል ነበር። የእኛ ታክሲ ቢሆን ማንም ረዳት ወርዶ ያነሳው ነበር።

የጄኔራል ሞተርሱ ሾፌር አልባ ታክሲ ክሩዝማ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከበላ በኋላ በ2024 መጨረሻ የታክሲ ሥራውን ተወ። ይህ ሁሉ የሾፌር ሒሳብ ለመቆጠብ ነው እንግዲህ!

ዋሽንግተን ታክሲ የምትነዱ ወገኖቻችን፣ ዌይሞ ወደ እናንተም እመጣለሁ ብሏል። የጀመራችሁት የፖለቲካ ወሬ ካለ ቶሎ ጨርሱ።