ንጽሕናን እያስተማሩ ልጆችን የማጣት ዘዴ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ፣ በየካ አጥቢያዎች በሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዐሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆችን ስለ ንጽሕና እያስተማራችሁ ልታጧቸው ከፈለጋችሁ ብዙ መድከም አያሻችሁም።

ዓመቱን ሙሉ ዝም በሉ። መዝሙር አስጠኑ፣ ለበዓል ምንጣፍ የሚያነጥፉትን መድቡ፤ ስለ ሰውነታቸው ግን አንዲት ቃል አትተንፍሱ። የሚሰማው ስሜት ኃጢአት ይሁን ተፈጥሮ የሚነግረው ያጣ የ14 ዓመት ልጅ መልሱን ስልኩ ውስጥ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውንም ታውቁታላችሁ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁሉንም በአንድ አዳራሽ ሰብስባችሁ ተቆጡ። ጥያቄ የሚጠይቅ ካለ «ይህን ከየት ሰማኸው?» ብላችሁ በጓደኞቹ ፊት አሳፍሩት። ሁለተኛ አይጠይቃችሁም።

ቁጣው በሴቶቹ ላይ እንዲበረታ አድርጉ። ስለ ቀሚስ ርዝመትና ስለ ነጠላ አለባበስ ለእነርሱ ብቻ አስተምሩ፤ ወንዶቹን ከበሮ እንዲለማመዱ ላኳቸው። የጲጥፋራ ሚስት ልብሱን ስትይዘው ልብሱን ትቶ የሸሸው ዮሴፍ ወጣት ወንድ እንደ ነበር ትዝ እንዳይላቸው። ወንድ ልጅ ራሱን መግዛት እንደሚችል ካልተነገረው፣ አለመቻሉን እንደ መብት ይቆጥረዋል። ሸክሙን የምትሸከመው እኅቱ ናት።

ጋብቻን አታሳምሩ። ከጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን የሚካኤል ታቦት በእልልታ ወደ መንበሩ ሲመለስ፣ ልጆቹ ነጭ ለብሰው ከፊቱ ይዘምራሉ። የዕለቱ በዓል ቃና ዘገሊላ ነው፤ ጌታ በሰርግ ቤት ተገኝቶ ውኃውን ወይን ያደረገበት። ልጆች በአካልና በመንፈስ ለሚከበር ነገር ራሳቸውን እንደሚጠብቁ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቀን አላውቅም። ልጆቻችሁን ማጣት ከፈለጋችሁ ግን ይህን ቀን በዝምታ አሳልፉት፤ ንጽሕና የክልከላ ዝርዝር ብቻ ሆኖ ይቅር።

ወንድና ሴት አብረው ሲታዩ ሁሉንም በአንድ ዓይን እዩ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ወጣቱ ወደ ተራራው መውጣት ይወዳል። ሁለት ልጆች ባሕር ዛፍ ሥር ሲያወሩ ካያችሁ ፎቶ አንሡና ለወላጅ ላኩ። መልካም ጓደኝነት ምን እንደሚመስል እንዲማሩ፣ ታላላቆቻቸው ባሉበት እንጦጦ ማርያምን ተሳልመው በተራራው ላይ አብረው እንዲጫወቱና እንዲበሉ አታድርጉ። እንዲህ የተዋወቁ ልጆች እርስ በርስ ይከባበራሉ፤ ተደብቀው የሚገናኙት ግን የሚመክራቸው የለም።

ከሁሉ የሚከፋው ዘዴ ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ የወደቀ ሁሉ ነገር አበቃለት በሉ። ድንግልናቸውን የጠበቁ ሁለት ሙሽሮች የሚቀዳጁት ተክሊል ታላቅ ክብር ነው፤ ለልጆች ሊነገርም ይገባል። እናንተ ግን በዚያ አቁሙ። ንስሐ የገባ ሰው ተክሊል ባይደረግለትም በቅዱስ ቁርባን እንደሚጋባ አትንገሯቸው። ሚያዝያ 6 በስንክሳር የምትታሰበውን ማርያም ግብፃዊትንም ዝለሏት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በዝሙት ኖራ፣ ከተመለሰች በኋላ 47 ዓመት በበረሓ በተጋድሎ የኖረችውን። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ከወደቀች በኋላ «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?» ብላ ብትቀጥል፣ ምን እንደቀራት ያልነገርናት እኛ ነን። ይህን ሳስብ ልቤ ይደማል።

የተደፈረችውንም ከወደቀችው ጋር ደምሩ። አንዲት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው፣ ምናልባትም የሚከበር አገልጋይ፣ እንደነካት ብትናገር «የቤተ ክርስቲያንን ስም አታጥፊ» በሏት። ሶስናን በሐሰት የከሰሷት ሁለቱ ሽማግሌዎች የተከበሩ ዳኞች ነበሩ፤ ሕዝቡም ያመነው እነርሱን ነበር። ዳንኤል ለያይቶ ባይመረምራቸው ኖሮ ንጽሕቲቱ ትሞት ነበር። የዳንኤልን ሥራ የሚሠራ ሰው በመካከላችሁ እንዳይኖር አድርጉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን እንደሚቀጣም አትናገሩ፤ ነገሩን በሽምግልና ጨርሱት፤ ልጅቱ ከመዘምራን ትውጣ፣ ሰውየው ይቆይ። ያን ቀን ንጽሕናን ያጣው ጉባኤው ነው፤ ልጅቱ አንዳች አላጎደለችም።

ይህን ሁሉ ብታደርጉ ልጆቹ ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከመዝሙሩ ሳይቀሩ፣ በልባቸው ይሄዳሉ፤ እናንተም ዘግይታችሁ ታውቃላችሁ።

ልታጧቸው የማትፈልጉ ከሆነ ግን፣ በሚመጣው እሑድ ከመዝሙር ጥናት በኋላ ለልጆቹ ባዶ ወረቀት አድሉ፤ ስም አይጻፍበት። የሚያስጨንቃቸውን ይጻፉ። ካህኑን፣ ልጆች ያሳደገች አንዲት እናትንና አንድ የጤና ባለሙያን ጋብዙ፤ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ፣ ሳትቆጡና ሳትስቁ መልሱላቸው። እባካችሁ፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ አትጠብቁ።