የማዘርቦርድ አመራረጥ ጥበብ፣ ገንዘብ ለተረፋቸው

ፕሮሰሰርን አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት፣ በተለመደው ስሙ ኦቨርክሎክ ማድረግ፣ ሲጀመር የቆጣቢዎች አመል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ለርካሽ ኮምፒውተሮች ያወጣው ሴሌሮን 300ኤ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው ለ300 ሜጋኸርትዝ የተሠራ ቢሆንም፣ ከማዘርቦርዱ የሚደርሰው ምት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርትዝ ከፍ ሲደረግለት ብዙውን ጊዜ ያለ ማንገራገር 450 ሜጋኸርትዝ ይደርስና በብዙ እጥፍ ዋጋ ከሚሸጠው ታላቅ ወንድሙ ከፔንቲየም 2 ጋር ይፎካከር ነበር። ገዢው ያልከፈለበትን ፍጥነት ይወስዳል፣ ሻጩ ይበግናል። እንዲህ ያለው ነውር ዛሬ በአብዛኛው ታርሟል። የዘመኑ ኦቨርክሎክ አድራጊ ጨዋ ሰው ነውና የሚሰርቀውን ዕቃ ዋጋ ከነትርፉ አስቀድሞ ከፍሎ ነው ወደ ስርቆቱ የሚገባው።

የክፍያው ሥርዓት በሚገባ የታሰበበት ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር ፍጥነት የሚገኘው 100 ሜጋኸርትዝ የሆነው መነሻ ምት ማባዣ በሚባል ቁጥር ሲባዛ ሲሆን፣ ኩባንያው ይህን ማባዣ በአብዛኞቹ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ይቆልፍና በስማቸው መጨረሻ «ኬ» ያለባቸውን ብቻ ከፍቶ፣ ዋጋቸውንም ጨመር አድርጎ ይሸጣል። «ኬ» የገዛ ሰው ግን ቁልፍ እንጂ በር አልገዛም፤ በሩ የሚገኘው ቺፕሴቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከዲስክ፣ ከዩኤስቢና ከመሳሰሉት የሚያገናኘው የማዘርቦርዱ ቺፕ፣ እንደ ዜድ690 ወይም ዜድ790 የ«ዜድ» ማዕረግ ሲኖረው ነው። ማባዣው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ፈቃዱ ከዩኤስቢ አገናኙ ለምን እንደሚጠየቅ መመርመር የአመስጋኝ ገዢ ጠባይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 አንዳንድ ማዘርቦርድ ሠሪዎች ማዕረጉ በሌላቸው ቦርዶች ላይ ማባዣውን ከፍተው፣ ነገሩ ያለ «ዜድ» እንደሚሠራ በአደባባይ በማሳየት ድፍረት ፈጽመው ነበር፤ በ2015 መጨረሻም ይኸው ድፍረት በመነሻው ምት በኩል ሲደገም፣ ቀዳዳው በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ በሶፍትዌር ተደፈነ። ተፎካካሪው ኤኤምዲ ደግሞ ጭራሹን ሥርዓት አያውቅም፤ የራይዘን ፕሮሰሰሮቹን ከጥቂቶች በቀር ክፍት አድርጎ መልቀቁ ሳያንስ፣ መካከለኛ ዋጋ ባላቸው እንደ ቢ450 እና ቢ550 ባሉ ቦርዶች ላይም ማባዣው እንዲነካ ይፈቅዳል። ክብሩን የሚጠብቅ ሰው ከእነዚህ ርቆ፣ ቢያንስ የ«ኤክስ» ማዕረግ ያለውን ይገዛል።

እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2021 ደግሞ ኢንቴል የፕሮሰሰር ዕድር ሊባል የሚገባው ዋስትና ይሸጥ ነበር፤ የዕድሩ አባል ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሲሠራ ቢሞትበት አንድ ጊዜ ምትክ ያገኛል። ፍጥነቱን፣ ፈቃዱንና የቀብር ማስፈጸሚያውን ከአንድ ሻጭ የማግኘቱ ምቾት በመቅረቱ ሊታዘን ይገባል።

በሩ ከተገኘ በኋላ ምርጫው የሚወሰነው በኃይል ክፍሉ ነው። ቪአርኤም የሚባለው ይህ ክፍል ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው፣ ከ1 ቮልት እምብዛም ወደማይበልጥ መጠን የሚያወርድ ሲሆን፣ ሥራውንም ፌዝ ለሚባሉ ተመሳሳይ ክፍሎች ያከፋፍላል። 250 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር በዚህ ዝቅተኛ ቮልቴጅ 200 አምፒር ገደማ ስለሚስብ፣ ደካማ ቪአርኤም ግሎ ፕሮሰሰሩን ወደ ኋላ ሊያስቀረው እንደሚችል አይካድም፤ በቂ ፌዝና ሙቀቱን የሚበትን ደህና ብረት የግድ ነው። ዳሩ ግን በበቂ የሚረካ ገዢ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 16፣ 18፣ 20 ፌዝ ይታተማል፤ ለአንድ የተሰጠ የቁጥጥር ምልክት ለሁለት ተከፍሎ፣ ወይም ሁለት ክፍሎች በአንድ ምልክት እየታዘዙ ሁለት ተብለው ሲቆጠሩም፣ ቆጣሪው ራሱ ሻጩ ስለሆነ ክርክር አይነሳም። የፌዙ ብዛት በጨመረ ቁጥር የገዢው ደስታ ይጨምራል። ከዋናዎቹ ቦርዶች በአንዳንዶቹ ላይ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ለሚሠሩ ተወዳዳሪዎች ተብሎ የተገጠመ ማብሪያም አለ፤ ጠረጴዛው ሥር ናይትሮጅን የማያኖር ገዢም ዋጋውን በደስታ ይከፍላል፤ ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን ብርድ ይመጣ ይሆናል።

የኦቨርክሎኩን ትርፍ በሚመለከት፣ የኢንቴሉ ፕሮሰሰር ኮር አይ9-14900ኬ ከፋብሪካው ሲወጣ ያለ ማንም እርዳታ እስከ 6 ጊጋኸርትዝ ይደርሳል፤ ይህም ማለት አምራቹ ራሱ ኦቨርክሎኩን አገባዶ ለገዢው ፍርፋሪውን ትቶለታል ማለት ነው። የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር እኩል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ስለሚያድግ፣ ያችን ፍርፋሪ ለመልቀም የሚወጣው ዋት ከፍጥነቱ ይልቅ ክፍሉን በማሞቅ ረገድ የተዋጣለት ነው። ለመልቀም የሚሰንፍም ቢኖር ቦርዱ ራሱ ይለቅምለታል። ብዙ ማዘርቦርዶች ሳይጠየቁ የኃይል ገደቡን አንስተው ይሰጡ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች በየጨዋታው መሀል መውደቅ ሲያበዙ ኩባንያው ቦርዶቹ ወደ እርሱ ቅንብር እንዲመለሱ አሳሰበ፤ ኋላም ፕሮሰሰሮቹ ራሳቸው ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቁ እንደነበር አምኖ በኦገስት ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ ከነመሰኪያቸው ተቃጥለው፣ ኩባንያው ከቮልቴጆቹ አንዱ በ1.3 ቮልት እንዲገደብ አድርጓል።

ይህን ሁሉ መርምሮ ባለ 20 ፌዙን «ዜድ» የገዛ ሰው፣ ገጥሞና አብርቶ ሲያበቃ ወደ ባዮስ፣ ማለትም የማዘርቦርዱ ቅንብር ወደሚለወጥበት ገጽ ይገባል። ማባዣውን በአክብሮት ያየዋል። ከዚያም ኤክስኤምፒ የተባለውን፣ ሚሞሪውን ብቻ ወደ ተገዛበት ፍጥነት የሚያደርሰውን አንድ አማራጭ አብርቶ ይወጣል፤ ይህንን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ከቢ560 ወዲህ የኢንቴል የ«ቢ» ቦርዶችም ይፈቅዳሉ።