ጉበቱ ለብቻ ነው

የእህቴ ልጅ ዲቪ ሳይሞላ አሜሪካዊ ሆኗል። አድራሻው ኒው ዮርክ ነው፤ ዚፕ ኮድ ሳይቀር አለው። እናቱ ይህን አታውቅም፤ አዳማ ተቀምጣ «ልጄ ክረምቱን አሰቦት አጎቱ ዘንድ ነው» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ነገሩ እንዲህ ነው። የፕሌይስቴሽን አካውንት ሲከፈት የምትኖርበትን አገር ምረጥ ይላል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ልጁም ብዙ ሳይጨነቅ አሜሪካን ነካ አደረገና ዜግነቱን ቀየረ። ኤምባሲ የለ፣ አሻራ የለ፣ ቃለ መጠይቅ የለ። ስንቱ ዘመዳችን በየዓመቱ ዲቪ እየሞላ ያጣውን ይሄ ሶፋ ላይ ተጋድሞ አገኘው።

ማሽኑን የላከችለት ጅዳ ያለች አክስቱ ናት። ፕሌይስቴሽን 5 ነው፤ ነጭ፣ ረጅም፣ ቁምሳጥኑ ላይ ሲቀመጥ የአባቴን ፎቶግራፍ ከቦታው አስነሣ። አብሮት አንድ የእግር ኳስ ጌም መጣ። የሲዲው ዋጋ 70 ዶላር ነው። ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ይህ 4 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላሰላሁም፤ የሒሳብ አስተማሪ ብሆንም ለጤናዬ አስባለሁ።

በመጣ በሳምንቱ አንድ ማታ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለ። ልጅ ሳይጠሩት አጠገብህ ከተቀመጠ ገንዘብ ፈልጓል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ቡድኔ ደካማ ነው።»

«ባርሴሎናን ያዛ።»

«ባርሴሎናማ አለ። እኔ የምለው የራሴን ቡድን ነው። ተጫዋቾቹ የሚወጡት ከፓክ ነው።»

«ፓኩስ?»

«ይገዛል።»

«ሲዲውስ?»

«እሱማ ተገዝቷል።»

«ታዲያ 70 ዶላር የተከፈለው ለምኑ ነው?»

«ለመግቢያ» አለኝ፤ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ሚኤሶ ገበያ ወርደህ ፍየል ገዛህ እንበል። ተከራክረህ፣ ጥርሱን አይተህ፣ ወገቡን ዳብሰህ፣ ሙሉ ዋጋውን ቆጥረህ ሰጠህ። ገመዱን ጨብጠህ ልትሄድ ስትል ባለፍየሉ ክንድህን ይይዝና «ጉበቱ ለብቻ ነው» ይልሃል። ስንት ነው ብትለው የተከደኑ ቅርጫቶች ደርድሮ ያሳይሃል። «ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ጉበት አለ፤ በሌሎቹ ሰኮና ነው። አንዱ መቶ ብር፤ ምረጥ።» ሚኤሶ ላይ እንዲህ ያለ ነጋዴ ምን እንደሚደርስበት የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ ዱላ የማይዝ ሰው እዚያ ገበያ አይወጣም።

ለማንኛውም ለልጁ ብሩን ሰጠሁት። አጎት መሆን ከባድ ነው። ፓኩ የሚገዛበትን ካርድ የሚሸጠው ሰው የሚገኘው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ፊቱን ያየው የለም። ብሩን በስልክ ትልካለህ፣ እሱ ረጅም ቁጥር ይልክልሃል። የዶላር ምንዛሪው የባንክም አይደለም፣ የጥቁር ገበያም አይደለም፤ የራሱ ነው። አሜሪካዊው የእህቴ ልጅ ቁጥሩን ሞላ፣ መብራቱን አጠፋ፣ «ጋሼ ይመልከቱ» አለ።

እውነት ለመናገር ዝግጅቱ ያምራል። ስክሪኑ ይጨልማል፣ ጢስ ይነሳል፣ ርችት ይፈነዳል። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «የማን ሠርግ ነው?» አለች። መጀመሪያ ባንዲራ ይወጣል፤ የብራዚል ባንዲራ ወጣ። ልጁ «አቦ!» ብሎ ከሶፋው ተስፈንጥሮ ተነሣ፤ እኔም ሳላስበው አብሬው ተነሣሁ። ቀጥሎ የሚጫወትበት ቦታ ይወጣል፤ ግብ ጠባቂ። እኔ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ ክለቡ፤ የሁለተኛ ዲቪዚዮን። እሱም ተቀመጠ። እናቴ «ሙሽራዋስ?» አለች።

ዕድሉ ስንት እንደሆነ የት ተጽፏል ብለው ከታች ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አሳየኝ። ለምርጦቹ ተጫዋቾች «ከ1% በታች» ትላለች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢመልስልኝ ዜሮ ነው የምሰጠው። 0.9 ከአንድ በታች ነው፤ 0.0001ም ከአንድ በታች ነው። ብሔራዊ ሎተሪ እንኳ፣ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱን ሰው እስኪነጋ ያሳለመ፣ ዕጣው ሲወጣ የሚሰጠው ብር ነው። ከፓክ የሚወጣው ፎቶ ነው። ፎቶ ደግሞ ሱቅ ያለብህን ዱቤ አይከፍልም።

የዓለም ልጅ ሁሉ የሚያለቅሰው በዚሁ ነው። «አልቲሜት ቲም» የሚባለው ይህ የፓክ ጨዋታ ፊፋ ጌም ላይ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን መጀመሪያ ራሱን የቻለ ክፍያ ነበረው፤ ኋላ ላይ መግቢያው ነጻ ተደረገ። ከነጻ ነገር የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ ለጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በተዘጋው የበጀት ዓመት የጌሙ ባለቤት ኢኤ ከእግር ኳሱም ከሌሎቹም ስፖርቶች በዚህ መንገድ ያስገባው 1.62 ቢሊዮን ዶላር ነው። ቡድኑ ደግሞ ከዓመት ዓመት አይተላለፍም፤ አዲሱ ጌም ሲመጣ የሰበሰብከው ሁሉ አሮጌው ላይ ይቀራል። ፊፋ ጌም ስሙን ቀይሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ተብሎ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2023 ነበር፤ በእኛ የመስቀል ማግስት። እኛ ደመራ አቃጥለን አመዱን ግንባራችን ላይ ስንቀባ፣ የዓለም ልጆች ዓመት ሙሉ የገዙትን ቡድን አቃጥለው እንደገና «ሀ» ብለው ጀመሩ።

ዝም ያላለም አለ። የቤልጅየም የቁማር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ይሄማ ቁማር ነው አለና ኩባንያው ከጥር 31 ቀን 2019 ጀምሮ እዚያ አገር የፓክ መግዣ ነጥብ በገንዘብ መሸጥ አቆመ። ሆላንድ 10 ሚሊዮን ዩሮ ልትቀጣው ብላ ጉዳዩ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱ በ2022 ቅጣቱን ሻረው። ከሁሉም እኔን ያሳቀኝ የእንግሊዙ ነው። በ2019 የፓርላማ ኮሚቴ ፊት የቀረቡት የኩባንያው ኃላፊ ኬሪ ሆፕኪንስ ፓኩን ውስጡ መጫወቻ ካለበት የኪንደር ቸኮሌት ዕንቁላል ጋር አመሳሰሉት። ሴትዮዋ ግንቦት ላይ አሰቦትን ቢያዩ ይህን ምሳሌ አይመርጡም ነበር፤ እዚህ ቸኮሌት ከሱቅ ወጥቶ ቤት እስኪደርስ በማንኪያ የሚበላ ይሆናል።

የቅርጫት ኳሱ ደግሞ ይብሳል። ኤንቢኤ 2ኬ18 እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ የተጫዋችህን ፀጉር ለመቆረጥ በጌሙ ገንዘብ ክፈል አለ፤ ገንዘቡ ደግሞ በእውነተኛ ዶላር ይገዛል። ተጫዋቹ ሁሉ ጮኸ፣ ኩባንያው የፀጉሩን ዋጋ ቀነሰ። እኔ የምቆረጥበት ፀጉር ቤት ዋጋ ሲጨምር እንዲህ የሚጮህልን አጣን እንጂ!

ልጁ ሁለተኛ ፓክ ሲያምረው እጁን ይዤ አወጣሁት። «ጌም ነው የፈለግኸው? ና።»

ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት አንዲት ጌም ቤት አለች። ውስጧ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2 ይገኛል፤ ሲዲው ፊፋ 14፣ ለዚያ ማሽን የተሠራ የመጨረሻው ፊፋ። ስለዚህ አሰቦት ላይ ሜሲ ፓሪስም ማያሚም አልሄደም፤ ባርሴሎና ነው። ሮናልዶ ማድሪድ ነው። ከዚያ በኋላ የተደረገ ዝውውር በእኛ በኩል አልጸደቀም። አንደኛው ጆይስቲክ ጭሮ ድረስ ሄዶ ተጠግኖ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው በፕላስተር ተጠቅልሎ ይኖራል፣ የማቀበያ ቁልፉ ካልተደቆሰ አይሰማም። ግድግዳው ላይ በማርከር ተጽፏል፦ አንድ ጨዋታ 10 ብር። ተሸናፊ ይከፍላል። ጆይስቲክ የወረወረ ይገዛል። ከእረፍት በፊት መብራት ከሄደ ብር ይመለሳል፤ ከእረፍት በኋላ ከሄደ የሚመራው አሸናፊ ነው። በዚህች በመጨረሻዋ ሕግ ምክንያት 1 ለ 0 እየመራ መብራት እንዲጠፋ ወደ አሰቦት ተራራ ዞሮ ሥላሴን የሚለምን ልጅ አይቻለሁ፤ ተራራው ላይ ያለው የሥላሴ ገዳም የሚሰማው ስለት ብዙ ነው፣ ይሄኛው ግን የት መዝገብ ላይ እንደሚሰፍር እንጃ።

የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ቀን በአሥር ዓመት ልጅ 4 ለ 0 ተቀጣ። በሁለተኛው ቀን ጓደኛ አበጀ። በሦስተኛው ቀን ስለ ፓክ ለቤቱ ባለቤት ማስረዳት ጀመረ፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። ሰውየው የበዴሳውን ጫት ጉንጩ ላይ ወጥሮ፣ አንድም ቃል ሳያመልጠው አዳመጠ። «ዕድሉን ይጽፉታል?» ብሎ ጠየቀ። «አዎ፤ ከ1% በታች ይላል።» ምርቃናው ሲገባ በዓይኔ አየሁት።

በነጋታው ግድግዳው ላይ አዲስ ጽሑፍ ወጣ። ጥሩው ጆይስቲክ 3 ብር ተጨማሪ። ቡድን መምረጥ ቀረ፤ ቡድን በዕጣ፣ አንድ ዕጣ 2 ብር። የክለቦቹን ስም በደብተር ወረቀት ጽፎ አጣጥፎ ባርኔጣው ውስጥ ከቷል። ልጆቹ መጀመሪያ ወደዱት፤ ዕጣ ማን ይጠላል? አንዱ አወጣ፦ የፖላንድ ክለብ። ሌላው አወጣ፦ ያው የፖላንድ ክለብ። ሦስት ጊዜ የከፈለ አንድ ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ ፖላንድ ሲደርሰው ባርኔጣውን ነጥቆ መሬት ላይ ገለበጠው። ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ባርሴሎና የለም። ማድሪድ የለም። ቼልሲ እንኳ የለም።

«አቦ፣ ባርሴሎናን ምን በላው?»

ባለቤቱ ሳይደነግጥ «ከ1% በታች ነው» አለ።

ቤልጅየም ኮሚሽን ያስፈለጋት ባርኔጣው የሚገለበጥ ስላልሆነ ነው። የአሰቦት ልጆች ደብዳቤም አልጻፉም፣ ፓርላማም አልጠሩም፤ ተነሥተው መንገዱን ተሻግረው ጆተኒ ቤት ገቡ። የእህቴ ልጅ ከፊት ከፊት ነበር፤ ለአሜሪካዊ በደንብ ያምፃል። ጌም ቤቷ ውስጥ የቀረው ማራገቢያውና ባለቤቱ ነው። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ የጆተኒውን ጓጓታ ሲሰማ ከረመና አንድ ጠዋት ጽሑፉን በጨርቅ ፈገፈገው። ዕጣው ቀረ፣ የጆይስቲኩ ጭማሪ ቀረ፣ ሜሲም በነጻ ወደ ቦታው ተመለሰ።

በምትኩ አንድ ጨዋታ 12 ብር ሆነ፤ ለሁሉም እኩል፣ በትልቁ ተጽፎ። ማንም አላጉረመረመም። 15 ብር ለሚሰጠው ብቻ ሦስት ብር መልስ የለኝም ይልና ማስቲካ ይሰጣል። የማስቲካውን ጣዕም ግን መምረጥ አይቻልም።