ለአይጥ የደረሰ ለጉጂ ላምም ይድረስ

ክብረ መንግሥት ሰው ወርቅ ፍለጋ የሚመጣባት የጉጂ ከተማ ናት። አሁን ደግሞ ጤና ይዘውላት የሚመጡ አሉ። ከረባት ያሰረ ወጣት ሻይ ቤት ይገባል፣ ስልኩን በስኳር ዕቃው ያስደግፋል፣ ቪዲዮ ይከፍታል። አንዲት ነጭ አይጥ ትታያለች፤ ቀጥሎ ሽቅብ የሚወጣ ግራፍ። «ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ሰፕሊመንት ነው ኦቦ፤ በላቦራቶሪ በአይጥ ተረጋግጧል» ይላል።

«አይጧን ምን አሟት ነበር ልጄ?» ይላሉ ከፊቱ የተቀመጡት ሽማግሌ።

«ምንም። ጤነኛ ነበረች።»

«አሁንስ የት ናት?»

«አሁንማ… ጣፊያዋ መመርመር ስላለበት ተገድላለች።»

ሽማግሌው የሻያቸውን ከፍለው ወጡ። ሳይንስ አይገባቸውም ማለት ነው። እኔ ግን ለወጣቱ ጥብቅና ልቆምለት እወዳለሁ፤ ከጀርባው የቆመው ሥራ ቀላል አይደለምና።

ማሄንድራ ኩማር ትሪቬዲ የሚባሉ በትምህርታቸው መሐንዲስ የሆኑ ሕንዳዊ አሉ። አሜሪካ ኔቫዳ ውስጥ ድርጅት ከፍተው ከሐሳባቸው የሚፈልቅ ኃይል ዘርን፣ ባክቴሪያን፣ የብረት ዱቄትን ሳይቀር ይለውጣል ይላሉ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው አሽዋጋንዳ ከሚባለው የሕንድ ሥርና ከማዕድናት የተቀመመ ሰፕሊመንት ያዘጋጁና ለሁለት ይከፍሉታል። ለአንደኛው ክፍል ፈዋሾች ካሉበት አገር ሆነው ሕንድ ወዳለው ላቦራቶሪ ለሦስት ደቂቃ ያህል ኃይል ይልኩለታል። ከዚያ የአይጥ በሽታ የመከላከል አቅም ይለካል። እዚሁ ጎረቤት ሻኪሶ ላይ ስልክ ለመደወል ኮረብታ የወጣ ሰው ይህን ሲሰማ ቅናት ቢይዘው አይፈረድበትም፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ ያልተቆራረጠ ኔትወርክ!

ከሁሉ የማረከኝ ግን ጥንቃቄያቸው ነው። ለማነጻጸሪያ «የውሸት ፈዋሽ» ቀጥረዋል። ይኼኛው ስለ ኃይል የማያውቅ ሰው ሆኖ፣ ምንም ሳይነካ፣ ምንም ሳይልክ ያልፋል። እውነተኛው ፈዋሽም ምንም አይነካም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው እንዴት ይለያቸዋል ለሚለኝ መልሱ ቀላል ነው፤ የእውነተኞቹ ስም በጥናቱ ላይ በደራሲነት ሰፍሯል። ፈዋሹ ራሱ ደራሲ፣ ራሱ ምስክር። ከቡድኑ ጽሑፎች ብዙዎቹን ካተሙት መካከል ኦሚክስ የተባለው ድርጅት ደራሲዎችን አታሏል ተብሎ በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፍርድ ቤት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢፈርድበት ምን አለበት? ዳኛዋ ጣፊያ አታውቅም።

ነገር የምታበላሽ ልጅ ግን ከየትም አትጠፋም። ኤሚሊ ሮሳ የምትባል የ9 ዓመት አሜሪካዊት በእጃችን ኃይል እንፈውሳለን የሚሉ ሌሎች 21 ሰዎችን ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጣ፣ ከሁለቱ እጃቸው በላይ የእሷ እጅ በየትኛው በኩል እንዳለ በኃይላቸው እንዲነግሯት ጠየቀች። ከ280 ሙከራ ያገኙት 44 በመቶውን ነው፤ ሳንቲም ቢወረውሩ ይሻላቸው ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት አተመላት። አይጥ እንዲህ ያለ ባለጌ ጥያቄ አትጠይቅም፤ ለምርምር የተመረጠችውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

እኛም ብንሆን ወደ ኋላ አልቀረንም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ በሁለት ሳምንቱ ሁለት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ከአገር በቀል ዕውቀት የተቀመመ መድኃኒት መሠረታዊ ምርምሩን አልፎ ወደ እንስሳትና ወደ ክሊኒክ ሙከራ እያመራ ነው ብለው አበሠሩን። ብሥራቱ ከአይጧ ቀድሞ ደረሰ። በዚያ ሰሞን የነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚና የዝንጅብል ዋጋ ሲንር በእርግጠኝነት ኢሚዩኒቲው የዳበረለት ነጋዴው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ቅልጥፍና ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚለቀም ሙት ቀንድ አውጣ። ለዓለም አቀፉ ደንብ የሚመጥን የመርዛማነት ጥናት አምጡ እየተባሉ ለአሥርት ዓመታት ደጅ ጠኑ። ስህተታቸው ግልጽ ነው፤ ፍሬውን ከመውቀጥ ይልቅ ለቀንድ አውጣው ሦስት ደቂቃ አስበውለት ቢሆን ኖሮ በዓመቱ ደርዘን ጽሑፍ ያሳትሙ ነበር።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ፈዋሾቹ የሚቀጥለውን ሙከራ እዚሁ ያድርጉት። ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ በአካባቢው ሰው ተቃውሞ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ታግዶ፣ በ2013 ዓ.ም. ዳግም ሥራ ጀምሯል። ነዋሪው ከማውጫው የሚወርደው ውኃ ሴቶችን አስወረደ፣ ሕፃናትን አካለ ጎዶሎ አደረገ፣ ከብት ፈጀ ሲል ኖሯል፤ ሂዩማን ራይትስ ዋችም በ2015 ዓ.ም. መንግሥትና ኩባንያዎች ብክለቱን ለዓመታት ችላ ብለዋል ሲል ከሷል። ለሙከራው ከአይጧ ላቦራቶሪ የሚጎድል ነገር የለም። ከማውጫው በላይ የሚጠጡ ላሞች አሉ፣ ከማውጫው በታች የሚጠጡ አሉ፤ ማነጻጸሪያ ቡድን በነፃ። ፈቃድ የጠየቃቸው የለም፤ በዚህም ከላቦራቶሪ እንስሳ አይለዩም። ዝምድናም አለን፤ በአገራችን ላቦራቶሪዎች የምትረባው ነጭ አይጥ የስዊስ ዘር ናት፣ የለገደንቢ ወርቅም ለዓመታት የተነጠረው ስዊዘርላንድ ነው።

አንድ ችግር ብቻ ይታየኛል። እዚህ ያለው ሰው ግራፍ አያረካውም፤ ደሜ ይመርመር፣ ውኃው ይለካ፣ ውጤቱ በቋንቋዬ ይነገረኝ ይላል። እንዲህ ያለ ተጠራጣሪ ደግሞ ኃይሉን ያውካል ይባላል። መፍትሔው ፈዋሾቹ ከሩቅ መላኩን ትተው በአካል ቢመጡ ነው። አውቶቡሱ በሐዋሳ በኩል ነው፤ ብልቃጣቸውን ይዘው፣ ከታችኛው ወንዝ ዳር ከላሞቹ ጋር ተሰልፈው ለሦስት ደቂቃ ኃይላቸውን ይልቀቁና በኩባያ ቀድተው ይጠጡልን። ኩባያ ከሌላቸው ሻይ ቤቱ ያውሳቸዋል።