በእንቅርት ላይ ዶኪንግ

የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁጥር ሳይ ልቤ ይጠፋል። ሥራዬ ዶኪንግ ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ሞለኪውሉን እያገላበጠ የሆርሞን ተቀባይ ፕሮቲን ኪስ ውስጥ ይሸጉጠውና ምን ያህል እንደሚጣበቅ ገምቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ ከዜሮ በታች በወረደ መጠን ያስመሰግናል። ዝቅተኛ ነጥብ የሚያስመሰግንበት ሙያ ስፈልግ ኖሬ ይኸው አገኘሁ።

ነጥቡ ካላማረኝ "ፕሮግራሙ ተሳስቷል" ብዬ ደግሜ አስሮጠዋለሁ። ካማረኝ ሳይንስ ነው፤ አልነካውም። የምጠቀምበት አውቶዶክ ቪና በ2010 እ.ኤ.አ. ሲታተም ሠሪዎቹ ራሳቸው መደበኛ ስህተቱ 2.85 ኪሎካሎሪ በሞል እንደሆነ ጽፈዋል። እኔ ለእንቅርት መድኃኒት ፍለጋ ከምፈትሻቸው የጎመን ውህዶች አንዱን ከሌላው ለይቼ "ተስፋ ሰጪ" ያልኩት በ0.3 ልዩነት ነው። እሱም ያሸነፈው ስለወፈረ ነው። ፕሮግራሙ እንደ ሠርግ አሳላፊ ግዙፉን እንግዳ ማስቀደም ይወዳል።

ሰቆጣ ዘመድ ጥየቃ ስሄድ ላፕቶፔን ተሸከምኩ። ለሥራ ነው አልኩ፤ ለጉራ ነበር። አክስቴ እንቅርት አለባቸው። የታይሮይድ ሆርሞን ተቀባዩን በሐምራዊና በአረንጓዴ አሳምሬ ስክሪኑ ላይ አዞርኩላቸው። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው፣ አንገታቸውን እየዳበሱ፣ ያን ያበጠ ነገር ትክ ብለው አዩት።

"ይሄ የኔው ነው?"

"የለም እቴቴ፣ ይሄ ሆርሞኑ የሚቀመጥበት ነው።"

"ታዲያ ምኑ ታመመ?"

ላብ አጠመቀኝ። መቀመጫው ምንም አልሆነም፤ የጠፋው ተቀማጩ ነው። ታይሮክሲን የሚባለው ሆርሞን አንዱ ሞለኪውል ብቻ አራት አዮዲን ይፈልጋል። አዮዲን ሲያንስ እጢው ለማካካስ ሲታገል ያብጣል። ስንት ሌሊት መድኃኒት የፈለግሁት ላልታመመ ፕሮቲን ኖሯል! ጎመኑማ ጭራሽ፣ ሲበዛ እጢው አዮዲን እንዳያገኝ የሚሻማ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ ሰቆጣ ላይ ነው፤ የአፋር አሞሌ ለዘመናት ሲራገፍባት በኖረች የጨው ገበያ። አሞሌው ግን አዮዲን ካልተጨመረበት ለእንቅርት አይረባም። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው።

"የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ አዮዲን ያለው ጨው ብሉ ብላኛለች" አሉ አክስቴ። "አንተስ ምን ትላለህ ልጄ?"

"እኔም ይህንኑ ልነግርዎት ነበር" አልኩና ላፕቶፑን ከደንኩ።

ጨው ስትገዙ ማሸጊያው ላይ አዮዲን የሚል መኖሩን እዩ። ዕቃውን ክደኑት፤ ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል ጨምሩት።