አራት ማሽን ብቻ!

የብሪታንያ መንግሥት ለዜጎቹ መጨነቁን የሚጠራጠር ሰው የቁማር ማሽን ደንቡን ያንብብ። እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የቁማር ሕግ አንድ የውርርድ ቤት ከአራት ማሽን በላይ እንዳያስቀምጥ በጥብቅ ከለከለ። አራቱ ጨዋታ ናቸው፤ ሕዝብ የሚጎዳው አምስተኛው ነው። አቋማሪ ድርጅቶቹም ሕግ አክባሪዎች ናቸውና ትእዛዙን አልጣሱም፤ አራቱ ሲሞሉ እዚያው ጎዳና ላይ ሌላ ቤት ከፍተው ሌላ አራት ተከሉ። በየድሃው ሰፈር የውርርድ ቤት ተደረደረ። የደንቡ ክብር ግን አልተነካም፤ የትኛውም ቤት ገብታችሁ ብትቆጥሩ አራት ነው።

በአንድ ዙር ለሚያዘው ገንዘብም ልጓም ነበረው፦ 100 ፓውንድ። ከዙር እስከ ዙር ደግሞ 20 ሰከንድ መታገሥ ግዴታ ነበር። ቁማርተኛው በደቂቃ ከ300 ፓውንድ በላይ እንዳያስይዝ ተጠበቀለት ማለት ነው። ስለ ቤት ኪራዩ የሚያስብበት 20 ሰከንድም በሕግ ተሰጠው።

እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥት ጉዳቱን አመነና 100ው ወደ 2 ፓውንድ እንዲወርድ ወሰነ። ግን ምን ያስቸኩላል? ግምጃ ቤቱ ከማሽኖቹ የሚቀርበትን ግብር በኦንላይን ቁማር ላይ በሚጨምረው ግብር ማካካስ ነበረበትና ቀኑ እስከ ኦክቶበር 2019 እንዲቆይ ተደረገ። በሽታው ታውቋል፣ መድኃኒቱም ተገዝቷል፤ የሚጠበቀው ሒሳብ ሹሙ ነው። የስፖርት ሚኒስትሯ ትሬሲ ክራውች ይህን የመሰለ ጥበብ አልገባ ብሏቸው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጩኸቱ ሲበረታ ቀኑ ወደ ኤፕሪል 1 ቀረበ፤ ‹‹ኤፕሪል ዘ ፉል›› ወደሚባለው ዕለት።

ዕለቱም ስሙን አላሳፈረም። እዚያው ማሽን ላይ በየሁለት ሰከንድ ተኩሉ 2 ፓውንድ የሚበላ ሌላ ጨዋታ በፈቃድ ቀጥሏል፤ በደቂቃ እስከ 48 ፓውንድ። ሰውየው ስለ ኪራዩ የሚያስብባት ጊዜ ግን ተቀንሳለች።

እንግዲህ ቁማርን በፈቃድ እንገራለን የምትሉ መንግሥታት ሁሉ ከዚህ ተማሩ። ማሽኑን ቁጠሩ፣ ሰከንዱን ለኩ፣ የፈቃድ ወረቀቱም ከግድግዳው እንዳይወርድ ተቆጣጠሩ። ከሳሪውን ግን አትቁጠሩ፤ እሱ ያጣውን መደመር የጀመረ መንግሥት የራሱን ድርሻ ሳይደምር አይጨርስም።