ለክቡር ጠቅላላ ጉባዔ፤ ባሉበት

ለቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባዔ
አሶሳ

ጉዳዩ፦ ሥልጣንዎን እንዲረከቡ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ ለሊቀመንበራችን ብጽፈው መልሱ ሳይውል ሳያድር ይደርሰኝ ነበር፤ የብድር ማመልከቻዬም በዚያው ሳምንት «ፎርም አልተሟላም» ተብሎ ይመለስልኝ ነበር። ስለዚህ ከእሳቸው በላይ ላለው አካል መጻፉን መረጥሁ። በሕጉ መሠረት የማኅበሩ የመጨረሻ ሥልጣን የእርስዎ ነው። ሥራ አመራር ኮሚቴውን የሚመርጡትም የሚሽሩትም፣ ዕቅድና በጀት የሚያጸድቁትም፣ ኦዲት ሰምተው የሚጠይቁትም እርስዎ ነዎት። ይህን ያህል ሥልጣን ይዞ እንደ እርስዎ ትሑት የሆነ ባለሥልጣን ከኩርሙክ እስከ ጉባ ቢፈለግ አይገኝም። በዓመት አንዴ ብቅ ይላሉ፤ ለስላሳ ይጠጣሉ፤ እጅ ያወጣሉ፤ ይሰወራሉ።

ያለፈውን ስብሰባ ያስታውሱታል? ጥሪው ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ምልዓተ ጉባዔው የተሟላው ወደ አራት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ እሱም የተቆጠረው በፊርማ እንጂ በሰው አልነበረም፤ ፈርመው የሄዱም ተገኝተዋል። የኦዲት ሪፖርቱ ይባዛልን ስንል «ወረቀት ተወዷል» ተባልን። ሒሳብ ሹሙ ቁጥሩን እንደ ዳዊት ደጋሚ በአንድ ትንፋሽ አወረደው። «ውዝፍ ብድር» ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ፤ «የትርፍ ክፍፍል» ላይ ሲደርስ ከፍ አለ። አንዲት መምህርት ከኋላ ተነሥተው «ያልተመለሰው ብድር በእነማን እጅ ነው?» አሉ። ሊቀመንበሩ «እጅግ ገንቢ አስተያየት ነው» ብለው አመሰገኗቸውና፣ ሰዓት ስለሄደ በሒደት እንደሚታይ ገለጹ። «የሚደግፍ?» ሲባል የክቡርነትዎ እጆች ወጡ። «የሚቃወም?» ሲባል ምሳ መድረሱ ተነገረ። ቃለ ጉባዔው ላይም «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሎ ሰፈረ።

ትሕትናዎ ያለ ታሪክ እንዳልመጣ አውቃለሁ። በ1970 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 138 ዘመን ኅብረት ሥራ ከላይ የሚወርድ መመሪያ ነበር። ገበሬው በአምራቾች ማኅበር ደረጃዎች ከመልባ ወደ ወልባ፣ ከወልባ ወደ ወላንድ ይሸጋገራል ተባለ፤ ይሻገር እንደሆነ የጠየቀው ግን አልነበረም። እዚሁ አሶሳ ዙሪያ፣ ዛሬም በቁጥር በምንጠራቸው አምባዎች፣ ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች በጋራ እያረሱ ድርሻቸው በሥራ ነጥብ ይሰላላቸው ነበር። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ መበተን ሲፈቀድ፣ በመላ አገሪቱ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት መሬቱንና በሬውን ተካፍለው በአጭር ጊዜ ፈረሱ። ያ ትውልድ በማኅበሩ ጉዳይ በእውነት ወድዶ ያሳለፈው ውሳኔ ቢኖር እሱ ነው።

ሕጉ ግን ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። የ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147 አባልነትን በፈቃድ አደረገው፤ ብዙ ዕጣ የገዛውም ጥቂት የገዛውም እኩል አንድ ድምፅ እንዲኖረው ደነገገ። የሥራ አመራር ኮሚቴ ዘመን ሦስት ዓመት እንዲሆን፣ ማንም ከሁለት ተከታታይ ዘመን በላይ እንዳይመረጥ፣ ጉባዔው ከፈለገ ደግሞ ዘመኑ ሳያልቅ እንዲያወርድ ፈቀደ። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ሲተካም የእርስዎ የበላይነት አልተነካም። የኛ ኮሚቴ ለዘመን ገደቡ መላ አላጣለትም፤ ሊቀመንበሩ ጸሐፊ ሆኑ፣ ጸሐፊው ገንዘብ ያዥ፣ ገንዘብ ያዡ ሊቀመንበር። ክቡርነትዎም ለአዲሱ አመራር አጨበጨቡ።

የቁጥጥር ኮሚቴውስ? እሱንም የሚመርጡት እርስዎ ነዎት፤ ሥራ አመራሩን በእርስዎ ዓይን እንዲያይ። በኛ ማኅበር እጩዎቹን የጠቆመው ሥራ አመራሩ ራሱ ነው፤ ድካምዎን ለመቀነስ። የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ለሊቀመንበሩ ብድር ዋስ ናቸው፤ ሊቀመንበሩም ለእሳቸው። በመካከላቸው መተማመን እንጂ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ግራ የሚያጋባኝ አንድ ነገር ነው። እነዚሁ አባላት በእድር ቀን ሌላ ሰው ናቸው። በርታው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሺናሻው በአንድ ድንኳን ሥር ተቀምጦ አንድ ድስት ጎደለ ሲባል ንብረት ያዡ እስኪያልበው ይጠየቃል። ያረፈደ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ የባንክ ደብተሩን ገልጦ ያሳያል፤ «ወረቀት ተወዷል» ቢል ውጤቱን ያውቀዋል። እነዚያ ሰዎች የማኅበራችን አዳራሽ ሲገቡ ምላሳቸውን በር ላይ የሚያስቀምጡት ለምንድን ነው? ምክንያቱ የእድሩን ብር በእጃችን ቆጥረን መስጠታችን ይመስለኛል። የቁጠባችን ብር ግን ከደመወዝ ላይ ሳናየው ይቆረጣል፤ ያላየነው ብር ሲጎድልም አይታየንም። ተቆራጭ ሲሆን ግብር ይመስለናል፤ ኮሚቴውም መንግሥት።

ሁለተኛው ችግር ደግነታችን ነው። የምንመርጠው ለቅሶ የማይቀርን፣ ሽምግልና የሚያውቅን ሰው ነው፤ የሒሳብ ሚዛን ማንበብ ይችል እንደሆነ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። በዚህ ብቻችንን አይደለንም። የዘመናዊው ኅብረት ሥራ መነሻ በምትባለው በእንግሊዝ አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ኮኦፕሬቲቭ ባንክ የ1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ካፒታል ጉድለት ተገኘበት። ሊቀመንበር የነበሩት ፖል ፍላወርስ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። የፓርላማ ኮሚቴ የባንኩ ጠቅላላ ሀብት ስንት እንደነበር ሲጠይቃቸው 3 ቢሊዮን ፓውንድ አሉ፤ 47 ቢሊዮን ነበር። የባንኩ አብዛኛው ድርሻም ከኅብረት ሥራው እጅ ወጥቶ ለባለገንዘቦች ሆነ።

የኛ ብር በቢሊዮን አይቆጠርም። ግን ከተማችን በየዓመቱ ማንጎ ዛፍ ሥር ሲበሰብስ የምናይባት ናት፤ አንዱ አባል የማንጎ ማድረቂያ ገዝቶ፣ ሌላው ቀርከሃ ሠርቶ ሊሸጥ ብድር ሲጠይቅ «ካዝናው ባዶ ነው» የሚባለው ብሩ የት ሄዶ ነው?

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ጥቂት ነው። የኦዲት ሪፖርቱ ከስብሰባው ሁለት ሳምንት ቀድሞ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። የኮሚቴ አባላት የወሰዱት ብድር ከነዋሶቻቸው በስም ይነበብ። የኮሚቴ አባል የራሱ ብድር ሲወሰን ከክፍሉ ይውጣ። ምርጫው በምስጢር ይሁን፤ እጩው ከመመረጡ በፊት የዓመቱን ሒሳብ በራሱ አንደበት ያስረዳን። ምሳውም ከድምፅ በኋላ ይቅረብ።

ከሰላምታ ጋር
የአንድ ድምፅ ባለቤት የሆነ አባል

ግልባጭ፦
ለሥራ አመራር ኮሚቴው፦ በአዲሱ ወንበራቸው
ለቁጥጥር ኮሚቴው፦ ዋስትናቸው እንደወረደ
ለእድራችን ሰብሳቢ፦ ለሁለቱም ሥልጠና እንዲሰጡልን